አራት ለሁለት፣ በስማዳ አውድማ ላይ

ሰኞ፣ ከደብረ ታቦር

ጥምቀት አራት ቀን ሲቀረው፣ ሰኞ ማለዳ፣ ከደብረ ታቦር ተነሣሁ። ጉዳዬ ጋቢ ማድረስ ነበር። እናቴ ፈትላ ያሠራችውን ጋቢ ጋይንት፣ ቤተ ልሔም፣ ድጓ ለሚያስተምሩት ወንድሟ እንዳደርስላት አደራ ሰጥታኛለች። «አጎትህ አርጅቷል፤ ያገሩ ብርድ ደግሞ ሽማግሌ አይምርም። ሳታለብሰው ብትመለስ ደጄን እንዳትረግጥ» አለችኝ።

ቀጥተኛው መንገድ በጉና ሥር አልፎ ወደ ምሥራቅ የሚሄደው ነው። እኔ ግን በእስቴና በስማዳ ልዞር ቆርጫለሁ፤ ለእናቴ ያልነገርኋት ሌላ ጉዳይ አለኝና። በዚያ ሰሞን የአፍሪካ ዋንጫ አዲስ አበባ ላይ ይካሄድ ነበር። ከመነሣቴ በፊት በነበረው እሑድ ልጆቻችን ቱኒዝን አራት ለሁለት ረትተው ለፍጻሜ ደርሰዋል፤ በሚመጣው እሑድ ከግብፅ ጋር ይጋጠማሉ። ስማዳ ውስጥ ደግሞ አሥር አለቃ ታከለ የሚባል ወዳጅ አለኝ። አዲስ አበባ መምህርነት ስማር፣ ስታዲየም ውስጥ አጠገቤ ቆሞ ጆሮዬን ሲያደነቁር የተዋወቅሁት ወታደር ነው። ከሠራዊቱ ወጥቶ ያባቱን ርስት ሊያርስ አገሩ ገብቷል። በሰው እጅ የላከልኝ ደብዳቤ እንዲህ ይላል፤ «ለፍጻሜ ከደረስን ሬዲዮህን ይዘህ ና። እዚህ ስለ ኳስ የማወራው ከበሬዬ ጋር ነው፤ እሱም አንድ ብቻ ነው።»

በቅሎ በቀን አንድ ብር ተከራየሁ። ባለቤቷ ሃያ ክንድ የሚሆን የጭነት ገመድ ጨምሮ ሰጠኝ። ሬዲዮዬን በጋቢው ጠቅልዬ፣ የማስታወሻ ደብተሬን ደረት ኪሴ ከትቼ ወጣሁ።

አንባቢ አስቀድሞ ይወቀኝ። የሒሳብ አስተማሪ ነኝ። ያየሁትን ሁሉ እቆጥራለሁ፣ እለካለሁ፣ እጽፋለሁ። ሰው ደግሞ ቶሎ አላምንም፤ መልካም ቃል ሲበዛልኝ ኪሴን እዳስሳለሁ።

ማክሰኞ፣ መካነ ኢየሱስ

ጉናን በስተግራዬ እያየሁ ቁልቁለቱን ስወርድ፣ ዳገቱን ስወጣ ቆይቼ፣ ማክሰኞ ቀትር ላይ መካነ ኢየሱስ ገባሁ። በቅሎዋን አሳርፌ ከገበያው አጠገብ ካለ ጠላ ቤት ገባሁ። አራት ሰዎች መደብ ላይ ተቀምጠው ይከራከራሉ። ሁለት ቃል እንደሰማሁ ልቤ ሞቀ፤ ኳስ ነው!

«ግብፅን አንችልም» ይላል አንደኛው፤ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ነው። «ዋንጫውን ሁለት ጊዜ የወሰዱ ናቸው።»

«ያ በነሱ አየር ነው» አለ የስልክ ቤቱ ሠራተኛ፤ ቀጭን፣ ሳቂታ ሰው ነው። «አሁን እኛ ደጋ ላይ ወጥተዋል። እሑድ ትንፋሽ ሲያጥራቸው ታያለህ። ቱኒዝን ያየህ እንደሆነ…»

«ቱኒዝን አራት ለሁለት ማሸነፋችንን በምን አወቅህ?»

«በሬዲዮ ነዋ!»

«ሬዲዮው የማን ነው? የኛ። የኛ ሬዲዮ ተሸነፍን ይል ነበር?»

 ከዚያ አራቱም ቀስ ብለው ወደ እኔ ዞሩ። ካኪ ለብሻለሁ፤ ደብተሬን ጉልበቴ ላይ ዘርግቼ እጽፋለሁ።

«ወንድም፣ ምን ትጽፋለህ?» አለኝ ጸሐፊው።

«የጠላውን ዋጋ።»

«ለማን?»

«ለራሴ።»

«የጠጣኸውን ዋጋ አፍህ አይነግርህም?» ብሎ ተነሣ፤ ከስልከኛው በቀር ሌሎቹም ተከተሉት። ሬዲዮውን ወደ ሰደበው ጸሐፊ የተላክሁ ጆሮ ጠቢ አድርገውኛል። እኔም አልተኛሁላቸውም፤ ሬዲዮውን አስቀድሞ የሰደበ ሰው ሌላውን ለማናገር የተላከ ሊሆን ይችላል ብዬ ፊቱን በደንብ ያዝሁት።

ስልከኛው ግን ደጅ ድረስ ተከተለኝ። «ሬዲዮ እንደያዝህ አይቻለሁ። ለእሑድ ድንጋይ ይበቃሃል? አዲስ የባትሪ ድንጋይ አለኝ፤ ውሰድ፣ በተመቸህ ጊዜ ትልክልኛለህ» አለኝ። እስቲ አሁን በመንገድ ላይ ላገኘው ሰው አዲስ ድንጋይ የሚሰጥ ማን ነው? ወይ ያለቀ ነው፣ ወይ ዕቃዬን አስፈትቶ ሊያይ ነው አልሁ። «ሞልቶኛል» ብዬ ዋሸሁት። ትከሻውን ነቅንቆ «እንግዲያውስ መልካም ጨዋታ» አለኝና ሄደ። የእሱን ፊትም ደብተሬ ላይ ጻፍሁ።

ረቡዕና ሐሙስ፣ ወደ ስማዳ

ከእስቴ ወደ ስማዳ የሚወስደው መንገድ ለፍየል የተሠራ ነው። ገደሉን በጠመዝማዛ ወርደን ወንዙ ዳር ስንደርስ ሙቀቱ የበረሃ ሆነ፤ በቅሎዋ ከውሃው አልወጣም ብላ ግማሽ ሰዓት አቆመችኝ። እሷን አልፈረድሁባትም። ማዶ ያለውን ዳገት በእግሬ ወጣሁት። አፋፉ ላይ ያገኘኋት ባለ እንቁላል ሴት አምስቱን በዐሥር ሳንቲም ልትሸጥልኝ ተስማምታ ነበር፤ ደብተሬን ሳወጣ ጊዜ እንቁላሏን መልሳ ጭዷ ውስጥ ቀበረች። «የሚጻፍ እንቁላል የለኝም» አለችኝ።

ሐሙስ የጥምቀት ገሃድ ነው። ቀኑን እየጾምሁ ሄጄ፣ ታቦታቱ ወደ ውሃው ሲወርዱ ከአሥር አለቃ ታከለ መንደር ደረስሁ። መንደሩ ከወረዳው ከተማ ከወገዳ ግማሽ ቀን ወዲህ ነው። ታከለ ከሕዝቡ መሀል አይቶኝ እየሮጠ መጥቶ አቀፈኝ፤ ከመሳሙ በፊት ግን «ሬዲዮዋስ?» ብሎ ነበር።

ቤቱ ጭቃው ገና ያልደረቀ አዲስ ጎጆ ነው። ሚስቱ ወይዘሮ የሺ እግሬን አጥባ አጃ ሾርባ ሰጠችኝ። ከደጃፉ አውድማ አለ፤ ከአውድማው ጥግ የዓመት ጉልበቱ የሆነ የገብስ ክምር ቆሟል። ጋጣው ውስጥ ሁለት በሬዎች ታስረዋል፤ ዳልቻው የታከለ፣ ቀዩ ደግሞ ጎረቤቱ አያ ባየ ለመቀናጆ የሰጠው ነው። አንድ በሬ ያለው ሰው አንድ በሬ ካለው ሰው ጋር ካልተቀናጀ አያርስም፣ አይወቃም።

«ሰኞ እንወቃለን» አለኝ ታከለ ክምሩን እያየ። «ዘጠኝ ዓመት አዲስ አበባ ኖሬ ስመለስ ማንም አላመነኝም። ባየ ብቻ በሬውን ሰጠኝ። እሱ ያመነውን አገሩ ያምናል።»

አያ ባየ በዚያው ቆሞ ነበር። ረጅም፣ ጉንጨ ስርጉድ ሰው ነው። ከእግር እስከ ራሴ አየኝና «እንግዳው ምን ሊሠራ መጣ?» አለ። «ኳስ ሊያሰማን» አለ ታከለ። አያ ባየ ዳግመኛ አላናገረኝም። ይህ ሰው አይወደኝም ብዬ ጻፍሁ።

ዓርብ፣ ጥምቀት

ታቦታቱ ከገቡ በኋላ ሰው በየዛፉ ሥር ተቀመጠ። እኔም ለማስገረም ብዬ ሬዲዮውን ከፍቼ ረጅም ሰዓት አስጮኽሁት። ሽማግሌዎቹ ራቅ ብለው፣ ጎልማሶቹ ቀረብ ብለው ሰሙ። ታከለ እንደ ቅኔ መምህር መሀል ቆሞ ስለ እሑዱ ግጥሚያ ያስረዳል።

«ግብፅ አልህ?» አሉ መምሬ ጥሩነህ፤ የደብሩ ቄስ፣ የመንደሩም ሽማግሌ ናቸው። «ጳጳስ ትልክልን የነበረችው ግብፅ?»

«እሷው ናት፣ አባቴ።»

«ታዲያ ከመንበረ ማርቆስ ጋር ምን አጣላን?»

«ጠብ አይደለም፣ ጨዋታ ነው።»

«ስንት ሰው ይዘው መጡ?» ብሎ አያ ባየ ገባበት።

«አሥራ አንድ።»

«ከግብፅ ድረስ አሥራ አንድ ሰው ብቻ? የቀረው የት ተደብቆ ነው?» ሰው ሳቀ፤ እሱ አልሳቀም። «የተሸነፈውስ ምን ይሰጣል?»

«ምንም» አልሁት እኔ።

«ምንም የማይሰጥ ከሆነ፣ ይህን ያህል አገር አቋርጦ ለምን ይመጣል?»

«እንደ ገና ጨዋታ ነው እኮ፣ አያ ባየ!» አለ ታከለ።

«ገናን የምንጫወተው ከወንዝ ማዶዎች ጋር ነው። አባታቸውን እናውቃለን፣ እናታቸውን እናውቃለን። እነዚህን ማን ያውቃቸዋል?»

ቱኒዝን በጎል አራት ለሁለት እንዳሸነፍንም ነገርኋቸው። አንድ ሽማግሌ «አገር ተሸንፎ በአራት ፍየል ብቻ?» አሉ። ጎል ፍየል እንዳልሆነ ማስረዳቱ እስከ ማታ ወሰደን።

ቅዳሜ፣ ገመዱ

ቅዳሜ በዚያ አገር ሰንበት ነው፤ አይታረስም፣ አይወቃም። ሚካኤልን ሸኝተን ከተመለስን በኋላ ጎልማሶቹ በታከለ አውድማ ላይ ተሰበሰቡ። ታከለም «ነገ እንዳይደናገሩ ሜዳውን በመሬት ላይ አሳያቸው» አለኝ።

እኔ ደግሞ የሒሳብ አስተማሪ ነኝ፤ በግምት አልሠራም። የበቅሎዋን የጭነት ገመድ አወጣሁ። በየሁለት ክንዱ ቋጠሮ አሰርሁበት። ችካል ተውሼ አንዱን ከአውድማው ጠርዝ፣ ሌላውን መስኩ ውስጥ ተከልሁ። ገመዱን ወጥሬ፣ ቋጠሮ ቆጥሬ፣ ደብተሬ ላይ ጻፍሁና ወደሚቀጥለው ማዕዘን ተሻገርሁ። ሥራዬ በጣም ደስ ብሎኝ ነበር። ቀና ስል አብሮኝ የነበረው ሰው ሁሉ የለም። እናቶች ልጆቻቸውን ወደ ቤት ይጠራሉ።

የገመዱ ራስ ላይ አያ ባየ ቆሟል። ቋጠሮዎቹን በጣቱ እየነካ ቆጠራቸው።

«ይኸ ለኳስ ነው?» አለኝ።

«ለኳስ ነው።»

«በሌላ አገር ቀላድ ሲጣል አይቻለሁ። ችካል ነበረው፤ ቋጠሮ ነበረው፤ የሚጽፍ ባለ ካኪም ነበረው።»

ያን ጊዜ ገባኝ። ቀላድ የመሬት መለኪያ ገመድ ነው። በርስት አገር ቀላድ ተጣለ ማለት የአባት መሬት ተለክቶ ግብር ይጨመርበታል፤ ከልኩ ተረፈ የተባለው ደግሞ የመንግሥት ነው ይባላል። ዐዋቂ ነኝ ባዩ አስተማሪ በሰው ርስት ላይ ገመድ ዘርግቶ ቋጠሮ ሲቆጥር ውሏል!

ሰዉ ዱላውን ይዞ ተመለሰ። መምሬ ጥሩነህ ተጠሩ። ደብተሬን ጠየቁኝ፤ ምን ላድርግ፣ ሰጠኋቸው። መምሬ መነጽራቸውን አስተካክለው፣ ወንጌል እንደሚያነቡ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አነበቡት።

«ሐሙስ። ከወንዙ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ሁለት ሰዓት ተኩል። የመንደሩ ቤት ሠላሳ አራት። ማሳው ሰፊ ነው። ገብሱ ያማረ፣ ክምሩ በየደጁ። ከብቱ የጠገበ። ሰዉ ከሚያሳየው ይልቅ ያለው ይመስላል።»

የመጨረሻዋን ቃል ሲያነቡ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድሁ። «የጉዞ ማስታወሻ ነው» አልሁ። ማንም ያንን ቃል አልሰማም።

አያ ባየ እኔን ትቶ ወደ ታከለ ዞረ። ድምፁ ዝቅ ያለ ነበር። «ታከለ፣ ወንድሜ። አገር ሲጠራጠርህ በሬዬን ከበሬህ አቀናጀሁ። ቀላድ ጣይ አምጥተህ ታስበላኛለህ?» ወደ ጋጣው ገብቶ ቀዩን በሬ ፈታና እየጎተተ ሄደ። ታከለ አልከለከለውም። ዳልቻው ብቻውን ቀርቶ አገሳ።

«በሬ ብቻ መሰለህ የሄደው?» አለችኝ ወይዘሮ የሺ። «እሱ የተወንን ማን ይቀርበናል? ከነገ ወዲያ እሳት የሚያጭረኝ ጎረቤት የለም።»

ይህን ያደረግሁት እኔ ነኝ። ሰው ላይ ክፉ እንዳይደርስ ብዬ ሳይሆን እኔ ላይ እንዳይደርስ ብዬ ስጠነቀቅ የኖርሁ ሰው፣ በአንድ ገመድ ያመነኝን ወዳጅ ቤት አፈረስሁ።

መምሬ ጥሩነህ ግን ፍርድ አላስቸኮሉም። «ኳስ የሚባል ነገር በእርግጥ ካለ በወገዳም ይሰማል» አሉ። «ወገዳ ሬዲዮ ያለው ጨርቅ ነጋዴ አለ። የምናምነው ሰው ነገ እዚያ ሄዶ ይስማ። ይህም እዚህ ይስማና ይንገረን። ሳይነጋገሩ ቃላቸው ከገጠመ ኳስ ነው። ካልገጠመ ቀላድ ነው። እስከዚያ እንግዳው ከመንደር አይወጣም።»

«ዋሱ እኔ ነኝ» አለ ታከለ።

«ወገዳ የምሄደውም እኔ ነኝ» አለ አያ ባየ። «በሌላ ሰው ጆሮ አላምንም።»

እሑድ፣ አውድማው

ከቅዳሴ በኋላ አያ ባየ ዱላውን ይዞ ሄደ። ከሰዓት በኋላ መንደሩ አውድማው ላይ ተሰበሰበ፤ ኳስ ለመስማት ሳይሆን እኔን ለማየት። ሬዲዮውን የገብሱ ክምር ላይ አስቀምጬ ሽቦውን ሳብሁት። ድምፁ ከዓርቡ ቀጥኖ ነበር። የዓርብ ጉራዬ ድንጋዩን በልቶታል።

ግብፆች መጀመሪያ አገቡ። ታከለ ራሱን በሁለት እጁ ያዘ። ረጅም ጊዜ ቆይቶ እኛ አንድ አገባን፤ «ተመስገን!» ሳንል ግብፆች ሁለተኛ ደገሙ። ሊያልቅ ሲል ደግሞ የእኛ ልጆች አገቡና ሁለት እኩል ሆነ። እያንዳንዱን ለመምሬ ጥሩነህ ጮክ ብዬ እነግራለሁ፤ እሳቸው ከመቁጠሪያቸው ፍሬ ይለያሉ። ዱላቸውን አቅፈው የቆሙት ሰዎች ሳያውቁት ወደ ክምሩ ተጠግተዋል። አንድ ሰው «ዳኛው የግብፅ ወገን ነው!» ሲል ሰማሁት።

«ተጨማሪ ሰዓት ሊጫወቱ ነው» አልሁ። ያን ጊዜ ድምፁ እንደ ትንኝ ጢዝ፣ ጢዝ አለና ጠፋ።

ድንጋዮቹን አውጥቼ አሸሁ፣ ፀሐይ ላይ አሰጣሁ፣ መልሼ ከተትሁ። ምንም የለም። የእስቴው ስልከኛ ፊት ድቅን አለብኝ። እንደ ሕፃን ማልቀስ አማረኝ።

«ታዲያ ማን አሸነፈ?» አሉ መምሬ።

ታከለ ከኋላዬ ተጠግቶ «አሸነፍን በል፣ በሞቴ! ሦስት ለሁለት በል! ሊሆን ይችላል» ብሎ አንሾካሾከ። ላብ ላብ ብሎታል። ክምሩን፣ ባዶውን ጋጣ፣ በር ላይ የቆመችውን የሺን አየሁ። ብናገረውና ቢገጥም ቤታቸው ይድናል። ባይገጥም ደግሞ አለቀ። ዝም ብልም አለቀ። ሒሳቡን አፌ ድረስ አመጣሁት፤ ሦስት የምትለው ቃል ምላሴ ላይ ነበረች።

«አላውቅም» አልሁ። «ሁለት እኩል ድረስ ሰምቻለሁ። ከዚያ ወዲያ አልሰማሁም።»

ሕዝቡ አጉረመረመ። «የመንግሥት ሰው ሲደብቅ አላውቅም ነው የሚለው» አለ አንዱ። መምሬ መቁጠሪያቸውን እንደያዙ ሄዱ። ታከለ እራት ላይ አላናገረኝም።

ሰኞ፣ የባየ ቃል

ረፋዱ ላይ አያ ባየ በአቧራ ነጭ ሆኖ ደረሰ። መምሬ ጥሩነህ ከእኔ ጋር ሳያገናኙት በሕዝቡ ፊት አቆሙት።

«መጀመሪያ ማን አገባ?»

«ግብፅ።»

«ከዚያስ?»

«እኛ። ከዚያ እነሱ ደገሙ። ሊያልቅ ሲል እኛ። ሁለት እኩል ሆነ።»

መምሬ በእያንዳንዱ ቃል መቁጠሪያቸውን ይነካሉ። ሰዉ እርስ በርሱ ተያየ። 

«በስተመጨረሻስ?»

አያ ባየ ደረቱን ነፋ። «በተጨማሪው ሰዓት ሁለት ጨመርንላቸው! አራት ለሁለት!»

አሸንፈናል! ታከለ ዘሎ ሊጮህ ሲል ከኋላ ያለ ሰው ቀደመው። «አራት ለሁለትማ የቱኒዙ ነው! ዓርብ የሰማኸውን ነው መልሰህ ያመጣኸው!»

«እውነት ነው! እንዴት ሁለት ጊዜ አራት ለሁለት ይሆናል?» አለ ሌላው።

«ወገዳም አልደረሰ። እመንገድ ላይ ተኝቶ ነው የተመለሰው!»

አያ ባየ ወደ ተናጋሪዎቹ ዞረ። ዕድሜውን ሙሉ ሰውን ሲጠረጥር የኖረ ሰው፣ ሲጠረጠር ምን እንደሚሰማው ያን ቀን ገና ማወቁ ነበር። ፊቱ ቲማቲም መሰለ።

«እኔ? እኔ እዋሻለሁ? ትናንት የሸኘነው ሚካኤል ይፍረደኝ!» አለ፤ ንዴቱ ቀኑንም አሳስቶታል። «በጆሮዬ ሰምቻለሁ! በነጋዴው ግቢ መሬት ላይ በኖራ አሥምረው አሳይተውኛል! እዚህ ጋ ግቡ ነው። ልጁ ከዚህ፣ ከጥጉ… ኧረ በምን ላሳያችሁ…»

ዙሪያውን ተመለከተ። ዓይኑ ክምሩ ሥር ተጠቅልሎ የተቀመጠው ገመድ ላይ አረፈ። ሄዶ አነሣው። ችካሉን ራሱ አውድማው ጠርዝ ላይ ተከለ፤ ገመዱን ወጥሮ መስኩ ላይ ዘረጋው፤ ቋጠሮ ቆጠረ። «ሜዳው ይኸ ነው! መስመሩ ይኸ ነው! አሁን ገባችሁ?»

ሰዉ ሁሉ ዓይኑን ከችካሉ ወደ ቋጠሮው አዞረ። 

«ባየ» አሉ መምሬ ጥሩነህ ቀስ ብለው፤ «የማንን ርስት ልትለካ ነው?»

አያ ባየ እጁ ላይ ያለውን ገመድ አየ። ከዚያ እኔን አየ። መጀመሪያ የሳቀችው የሺ ናት፤ ከዚያ አውድማው በሙሉ ፈነዳ።

ሳቁ ሲበርድ መምሬ ፍርዳቸውን ተናገሩ። «ይህ አስተማሪ ሐሰተኛ ቢሆን ኖሮ ትናንት ይጨርሰው ነበር። ሙሉ ውሸት ሲቻለው ጎዶሎ እውነት ሰጠን። ባየ ደግሞ ሳይሰማው ከዚህ ሰው ንግግር ጋር ቃል በቃል ገጠመ፤ የጎደለውን ሞላ። ስለዚህ ሁለቱም አልዋሹም። ኳስ ነው።» ደብተሬን መለሱልኝና «ግብፆችን ግን እግዜር ያጽናቸው፤ ከሩቅ ነው የመጡት» አሉ።

አያ ባየ ቤቱ ሄዶ ቀዩን በሬ ራሱ እየነዳ መጣ። አንድም የይቅርታ ቃል አልወጣውም። በሬውን ከዳልቻው ጎን አቆመና «ገብሱ ይበተን፣ ምን ትጠብቃላችሁ?» አለ። ከሰዓት በኋላ በሬዎቹ ገብሱን እያበራዩ ሲዞሩ፣ አሥር አለቃ ታከለ መንሹን ይዞ በየዙሪያው «አራት ለሁለት!» ይላል። ነዶ ሳቀብለው ወገቤ ተቆረጠ፤ ደስታዬ ግን ልክ አልነበረውም።

ማክሰኞ እስከ ሐሙስ፣ ቤተ ልሔም

ስነሣ አያ ባየ የበቅሎዋን ልጓም ይዞ እስከ አፋፉ ሸኘኝ። ስለ አራተኛዋ ጎል ሦስት ጊዜ ተረከልኝ። መለያያው ላይ ግን ልጓሙን አልለቀቀም።

«ኳሱስ ኳስ ነው» አለኝ። «ያች ደብተርህ ላይ ያለችው ገብሳችንስ?»

አላምንህም ማለቱ አይደለም፤ ማመን ልማድ አልሆነለትም። እኔም ያው ነኝና አልከፋኝም። የሐሙሷን ቅጠል ቀድጄ ሰጠሁት። ማንበብ አይችልም፤ ቢሆንም ገለባብጦ አያት፣ አጠፋት፣ በኩታው ጫፍ ቋጠራት። ያኔ ልጓሙን ለቀቀ።

ቤተ ልሔም ሐሙስ ገባሁ። አጎቴን ጋቢውን አለበስኋቸው። ጨርቁን በጣታቸው እያሹ «በእርግጥ የእኅቴ ፈትል ነው? ወይስ ከገበያ ነው የገዛኸው?» አሉኝ። ዘራችን ነው መሰለኝ። ስለ ኳሱ ስነግራቸው «አይተሃል?» አሉ። «ግማሹን ሰማሁ፤ ግማሹን ሰው ነገረኝ» አልሁ። ጋቢውን ትከሻቸው ላይ አስተካከሉና «የት ላይ እንዳቆምህ ካወቅህ መልካም ነው» ብለው ወደ ተማሪዎቻቸው ተመለሱ።

ደብረ ታቦር

በንፋስ መውጫ ዞሬ በስድስተኛው ቀን ቤቴ ገባሁ። እናቴ ጋቢውን ስለማድረሴ መሐላ አስገብታ ጠየቀችኝ። መምህራኑም አራት ለሁለቱን ከእኔ ቀድመው ሰምተው ነበር፤ የቱኒዙ ተደግሞ ነው የሚል ግን እዚያም አልጠፋም።

ከጉዞው የተማርሁትን ልናገር። ለእስቴው ስልከኛ ሁለት አዲስ የባትሪ ድንጋይ ገዝቼ በነጋዴ እጅ ላክሁለት፤ ያልወሰድሁትን የመለስሁለት ስለሆነ ምን እንደሚያስብ አላውቅም። ምናልባት ከጀርባው ምን አለ ብሎ ይጠረጥረኝ ይሆናል። ይጠርጥረኝ፤ ይገባኛል።

ይህን ማስታወሻ የሚያነብ ሰው የሐሙሱን ቀን ጎዶሎ ያገኘዋል። ከወገዳ ግማሽ ቀን ወዲህ ያለው ያ መንደር ስሙ ማን ነው፣ ማሳው ምን ያህል ነው ብሎ ይጠይቅ ይሆናል። ስሙን ያልጻፍሁት ረስቼው አይደለም።